የጎጆው ኪኒን

የእርጥብ ደበሎን ሽታ የማያውቅ ሰው ምንም አልቀረበትም። የበግ ቆዳ፣ ጭስና የሰነበተ ቁራሽ እንጀራ አብረው ዝናብ ሲመታቸው የሚወጣ ሽታ ነው። በዚህ ነሐሴ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ዓይኔ ዕንባ ሞላ። ረዳቱ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ቢለኝ «አንተ በርህን ዝጋ» አልሁት። ደግሞስ በዚህ ዘመን ደበሎ ከየት መጣ? የዛሬ የቅኔ ተማሪ ሹራብ ነው የሚደርበው፤ አንዳንዱማ የፈረንጅ ኳስ ቡድን ማልያ ለብሶ ቅኔ ሲቆጥር በዓይኔ አይቻለሁ። ዘወር ብዬ ባይ ከጎኔ የተቀመጡ ጢማቸው የነጣ መሪጌታ አንድ ያረጀ ደበሎ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል። ከዚያ አሳላቸው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሳል ሳዳምጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የጉንፋኑንና የሌላውን ጆሮዬ ይለየዋል። «አባቴ፣ መስኮቱን ልክፈተው፤ ሳልዎን አልወደድሁትም» አልኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። እሜቴ የሺ አይደሉም? የጥጋቡ እኅት? ኅሩይ ነኝ እኮ፣ የቅኔ ቤት የጎጆ ጓደኛው!»

የወንድሜን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው! እናታችን ካረፈች ወዲህ «ጥጋቡ» ብሎ የሚጠራልኝ አልነበረም። ጉልበት ስመን፣ ተላቅሰን፣ አገር ደኅና ተባባልን። ከዚያ መሪጌታ ኅሩይ ደበሎውን እየዳበሱ «አንድ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ። ሳገኝዎ እነግራለሁ እያልሁ፣ እንዳላገኝዎ ደግሞ ስሸሽ ኖርሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። አልጎተጎትኋቸውም። መንገዱ ረጅም ነው፤ እኔም በሐሳብ ወደዚያ ዘመን ሄጃለሁ።

ሰዉ ሲስተር የሺ ይለኛል እንጂ ሲስተር ሆኜ አላውቅም። ጤና ረዳት ነበርሁ። ትውልዴ ሞጣ ነው፤ ሥራ የያዝሁት ግን ብቸና፣ የቆርቆሮው ክዳን ዝናብ ሲመታው የበሽተኛ ቃል በማያሰማ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። የደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ነጭ ጋወኔ ገና አዲስ የነበረበት ዓመት ነው። ከጤና ጣቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ማዕዘን ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሰው በስሙኒ ሻይ ጠጥቶ፣ ፓስቲ በልቶ መልስ ይቀበልባት ነበር፤ ስኳሩ ከቀበሌ ሱቅ ሲጠፋ ግን ሻዩ በጨው ይመጣል። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ከታች መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው በዚያ የብቸና ዋልካ ጭቃ ውስጥ ሲሄዱ ማየት ራሱን የቻለ ተድላ ነበር። እኛ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን በባዶ እግር እናልፍና ደጃፍ ስንደርስ ታጥበን እናጠልቃለን። ከማለዳ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ ዘፈን ይለቅብናል። ወደ ማታ ደግሞ ባለሱቁ ቴፑን ከፍቶ ትዝታ ያሰማናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ ድምፅዋ እየጎተተ ወንድ ትሆን ነበር። ስንስቅ!

ዶክተር ሰሎሞን የመጣው በዚህ መሐል ነው፤ ደጀን አድራ ጭቃ ለብሳ በደረሰች ግራጫ ላንድሮቨር። ቀጭን፣ መነጽሩን በክር ያሰረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዕድሜው ከእኔ ስለማይርቅ በልቤ አንተ እለው ነበር፤ በአፌ ግን እርስዎ ነው። የቆዳ ጫማውን ዋልካው በሳምንቱ ስለበላበት እሱም እንደኛ ኮንጎ ገዛ። ይህን ያየ የብቸና ሰው ወደደው።

የመጣው ለጥናት ነው። የሳምባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ያኔ መድኃኒቱን ከዓመት በላይ ሳያቋርጥ መዋጥ ነበረበት። ታዲያ የቱ ይሻላል? የወሩን ኪኒን በብልቃጥ ይዞ ቤቱ ይሂድና ራሱ ይዋጥ? ወይስ በየማለዳው እየመጣ እኛ ፊት ይዋጥ? የብቸናዎቹ ይዘው እንዲሄዱ፣ የሞጣዎቹ እዚያው በጤና ጣቢያቸው፣ ሠራተኛ ፊት እንዲውጡ ተደረገ። የትኞቹ እንደሚድኑ አይቶ ለገጠሩ ሁሉ የሚበጀውን ሊያሳይ ነበር ሐሳቡ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ሰዉ ግን አክታ ሲቀበለው ጊዜ «ውጭ አገር ወስዶ ሊሸጠው ነው» ብሎ አወራ። «አክታ የሚገዛ አገር ካለማ እኔም እዚህ አልቀርም ነበር» እያልሁ በየቤቱ ስከራከር ዋልሁ።

አክታቸው ታይቶ ጀርሙ ከተገኘባቸው መካከል ከብቸና ወጣ ብሎ ካለ አንድ ቅኔ ቤት የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ የእናቴ ልጅ፣ በጀርባዬ ያሳደግሁት ታናሼ። አባታችን በሬ ሊጠምድለት ሲያስብ እሱ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ቅኔ ፍለጋ ወጣ። በማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ የነበረው ዶክተር ቀና ብሎ «የሺ፣ ያንቺው ነው» አለኝ። «ይድናል ወይ?» አልሁ። «ኪኒኑን በደንብ ከወሰደ ለምን አይድንም?» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም፤ ጥጋቡ ኪኒኑን ይዋጥ፣ ጥጋቡ ይዳን።

ኅሩይም አብሮ መጥቶ ነበር። ያኔ አንተ ነው የምለው፤ ከግንደወይን በኩል የመጣ፣ ቅኔው ከነፈሰ የማይያዝ ልጅ ነበር። እሱም ያስለዋል። ግን አክታው ሲታይ ምንም አልተገኘም፤ ዶክተሩ የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘው። ኪኒኑ ለጥናቱ ተለክቶ የመጣ ነው፤ ጀርም ላልታየበት አይሰጥም።

ወሩ ሲሞላ ተማሪዎቹ ባዶ ብልቃጣቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። በዚያ የአፈሳ ጊዜ፣ ወጣት የተባለ ሁሉ ለውትድርና በሚታደንበት፣ በጓሮ በጓሮ ዞረው ይመጣሉ እንጂ አይቀሩም። ገበሬው ይረሳል፣ ግማሹን ያስተርፋል፣ ነጋዴው ይቀራል፤ የነሱ ብልቃጥ ግን አንዲት ፍሬ አይገኝበትም። ዶክተሩ እንደ ልጅ ደስ አለው። «የሺ፣ በመላ ጎጃም እንደነዚህ ታማኝ በሽተኛ የለም!» ይለኝ ነበር። እኔም ኮራሁ። ግን ጥጋቡ ከሳ። በመጣ ቁጥር ደበሎው ይሰፋዋል፤ አንገቱ ቀጠነ፤ ሳቁ መሐል ላይ በሳል ይቆረጣል። ሌሎቹም እንደዚያው። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ያሻል። «ብልቃጡ ባዶ ነው፤ ታዲያ መድኃኒቱ የት ነው የሚገባው?» ይላል።

የት እንደሚገባ ያወቅሁት በአንድ የሚካኤል ዕለት ነው። በሶና ቅቤ ይዤ፣ እንቁላልም ቀቅዬ ላበላው ወደ ቅኔ ቤቱ በእግሬ ሄድሁ። የጎጆው በር አጭር ነው፤ ጎንበስ ብዬ ስገባ ተማሪዎቹ በክብ ተቀምጠው የለመኑትን ቁራሽ ሁሉ አንድ ሰፌድ ላይ አራግፈዋል። ጥጋቡ እጄን ስሞ የያዝሁትን ተቀበለኝና ሳያንገራግር እሰፌዱ ላይ ዘረገፈው። «አንተ! ላንተ እኮ ነው ያመጣሁት!» ስለው ሁሉም ሳቁብኝ። ያ ደንባቸው ነው፤ ከጎጆ የገባ የጎጆው ነው። የደጋው ተማሪ የስንዴ ዳቦ ቢያገኝ፣ ሌላው ውሻ አባሮት በባዶ አኩፋዳ ቢመለስ፣ ሰፌዱ ላይ እኩል ናቸው። ለብቻው የበላ ተማሪ ቅኔው እንኳ ይነጥፍበታል ይላሉ። ደስ የሚል ደንብ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ታላቃቸው ድርሻ ድርሻውን አስቀምጦ ሲጨርስ ብልቃጦቹን አነሣና ኪኒኑን እንደ ቆሎ በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ እየከፈለ ያዞር ጀመር። ሙሉ የደረሰው የለም። ኅሩይ ፊትም ስባሪ ተቀመጠ።

«ጥጋቡ!» ብዬ ጮህሁ። «የማን ኪኒን ነው?»

«የጎጆው» አለኝ፣ ምን ጠፋ ብላ ነው በሚል ዓይን።

«ላንተ የተሰጠህን?»

«እታለም፣ እዚህ የማያስል ማን አለ? ዶክተሩ ሲመርጥ እኛም እንምረጥ? እኔ እየዋጥሁ ኅሩይ ሲያይ፣ እንዴት አድርጎ በጉሮሮዬ ይወርዳል?»

«ይህ ምግብ አይደለም፣ አንተ የማትሰማ!»

«ሕይወት ነው ያልሽን አንቺ ነሽ። ታዲያ ሕይወት ለብቻ ይበላል?»

ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ አለቀስሁ፣ ተሳደብሁም። ግማሽ ኪኒን ጀርሙን እንደማይገድለው፣ ይልቁንም እንደሚያለማምደው ነገርኋቸው። «ድንጋይ ስቶት የተረፈ ውሻ ሁለተኛ ስትመጡ ይፈራችኋል?» ስላቸው ይህስ ገባቸው፤ ከውሻ ጋር የነሱን ያህል የተዋወቀ የለም። ግን ዓይናቸው ወደ ኅሩይ ሄደ። ኅሩይ ስባሪውን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ቀርቷል፤ አይውጠው ነገር፣ አይመልሰው ነገር። እሱን ሳይ ቁጣዬ ራሱ አፈረ።

ለዶክተሩ ስነግረው አልተቆጣም፤ ቁጭ አለ። በማግስቱ አብረን ወደ የኔታ፣ ወደ ቅኔ መምህሩ ሄድን። የኔታ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን ሁሉ ሰምተው «ልጄ፣ እኔ እነዚህን ልጆች ከቅኔው በፊት ያስተማርኋቸው ቁራሽ መቁረስ ነው» አሉት። «ተካፍለው ነው እስከዛሬ የቆሙት።»

«የኔታ፣ ይህን ሲካፈሉ ግን ሁሉም ይወድቃሉ» አላቸው።

«እንግዲያስ ለሁሉም ስጣቸዋ።»

«ተለክቶ የመጣ ነው። ለሁሉ ልስጥ ብል የሞጣዎቹ መሐል ላይ ያልቅባቸዋል። እነሱም ሰው ናቸው፣ የኔታ።»

የኔታም «የሚተርፈውን መምረጥ ባንተ ላይ መጣል አልነበረበትም» አሉና ተማሪዎቹን ጠርተው፣ የታዘዘለት ብቻ እንዲውጥ በቃላቸው አሰሩ። ዶክተሩ ስንመለስ መኪናዋን እየነዳ ዕንባው ይወርድ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ የኅሩይን ነገር አላሰብሁም። ያሰብሁት ጥጋቡን ነው። የየኔታ ቃል ጥጋቡን እንደማያስረው አውቃለሁ፤ እናቴ ዘንድ ሳለንም ቢሆን የሱን ጉርሻ ድመቷ ነበረች የምትበላው። ዶክተሩን ለመንሁት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ ማለት ይቻላል። የብቸና በሽተኛ ወደ ሞጣ ቢዛወር ከጥናቱ ይወጣል፤ ዶክተሩ «ይውጣ፤ ሰው ይቅደም» ብሎ ጥጋቡን እኛ ፊት ከሚውጡት ጋር ቀላቀለልኝ። እኔንም ሞጣ መደበኝ።

ያ የሞጣ ክረምት! የእናታችን ቤት ገበያው አጠገብ ነበር፤ ማክሰኞና ቅዳሜ የአህያው ጩኸት እስከ መኝታችን ይገባል። በየማለዳው ጥጋቡን ይዤው ወደ ጤና ጣቢያው እወጣለሁ። ኪኒኑን በእጄ አጎርሰዋለሁ፤ ውኃውን በጣሳ እሰጠዋለሁ። «አፍህን ክፈት!» እለዋለሁ። «አአአ» ይለኛል፣ እየቀለደ። አያለሁ፤ ባዶ ነው። «በል ሂድ» እለዋለሁ። ኅሩይ ሞጣ ድረስ ተከትሎት መጥቶ ኖሮ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያድራል። ጥጋቡ ከእኔ እንደተለየ ቅጥሩ ውስጥ ወዳለው ወይራ ዛፍ ሥር ይሄዳል፤ ሁለቱ ደበሏቸውን አንድ ላይ ለብሰው ይቀመጣሉ። ቅኔ እየቆጠሩ ነው ብዬ በሩቁ አይቼ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ለሁለቱም ፍትፍት ትልካለች። ኅሩይ ፊቱ ሞላ፣ ሳሉም ታገሠለት። እናቴ «አቤት፣ የእንጀራዬ ነገር! የሰው ልጅ ሲወፍርበት የራሴ ልጅ ይከሳል» ትል ነበር።

ጥጋቡ በጽጌ ሞተ፤ አደይ አበባው ገና ከሜዳው ሳይጠፋ። ዶክተሩ ሊቀብር መጣ። «በዓይናችን ፊት ነው የዋጠው፤ መድኃኒቱ ነው እንቢ ያለው» አለኝ፤ ራሱን የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው። የሞጣ ሰው ግን «በሰው ልጅ ላይ ሞከሩበት» አለ። እናቴም ይህን እያለች አለቀሰች፤ እሱም ቆሞ ሰማት። ብዙ ሳይቆይ ላንድሮቨሯ ለግንባር ተፈለገች ተብላ ተወሰደች፤ ጥናቱም ሳያልቅ ቀረ። ዶክተሩ በአንድ የእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ኮንጎውን እንዳጠለቀ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። እኔ ግን በተኛሁ በተነሣሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በእጄ አጉርሼው፣ አፉን አይቼ፣ እንዴት ሞተብኝ? ጡረታ እስክወጣ ኪኒን በሰጠሁት በሽተኛ ሁሉ ፊት ይህን ጠይቄያለሁ።

«እሜቴ የሺ» አሉ መሪጌታ ኅሩይ፣ ሞጣ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው። «ያን ጊዜ ጥጋቡ ኪኒኑን አይውጠውም ነበር።»

«አጉርሼዋለሁ!»

«ምላሱ ሥር ይይዘዋል። ወይራው ሥር ሲደርስ አውጥቶ ይሰጠኛል። እንቢ አልሁት፣ ማርያምን! እሱ ግን ‹እኔስ እኅት አለኝ፣ መድኃኒት ያለው ሐኪም አለኝ፤ ሌላ ይሰጡኛል፤ አንተ ማን አለህ?› አለኝ። እውነት መሰለኝ። ወጣት ነበርሁ፤ መኖር ፈለግሁ። አንዳንድ ቀን ይውጥ ነበር፤ ሳሉ ሲነሣበት፣ ሲፈራ። የቀረውን እኔ ነኝ የበላሁት።» ደበሎውን አነሡት። «ይህ የሱ ነው። ክረምት ክረምት እለብሰዋለሁ። እባክዎ፣ ይፍቱኝ።»

ካህን ሰውን ይፍቱኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌውን ልመታቸው እጄ ተነሣ፤ በእውነት እላችኋለሁ፣ ተነሣ። እኒህ ጢማቸው እስኪነጣ ኖሩ፣ ቅኔ አስተማሩ፣ ልጅ ዳሩ። የእኔው በሃያ ምናምን ዓመቱ ጭቃ ገባ። ደግሞ በማን ልፍረድ? ኪኒኑን የሰጠው ጥጋቡ ራሱ ነው፤ ሰፌዱ ላይ ያሳደገው ደንቡ ነው፤ ኪኒኑን የለካው ሌላ ነው። አንደበቴ ግን ‹ይፍታዎት› የሚለውን ቃል ማውጣት አቃተው። እሳቸው አንገታቸውን እንደደፉ እንደገና አሳላቸው፤ ያ ሳል።

«ተመልሶብዎታል፣ አይደል?» አልሁ።

«ተመልሷል። ብቸና ታይቼ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ አይተላለፍም ብለውኛል።»

«የዛሬውን ዋጡ?»

«የፍልሰታ ጾም እኮ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብዬ…»

«የትናንቱንስ?»

መሪጌታ መስኮቱን አዩ፣ ደበሎውን አዩ። «አንድ ተማሪ አለኝ፤ ወላጅ የለውም፤ ሌሊቱን ሲያስለው ያድራል…» ሲሉ ጮህሁ፤ ሚኒባሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ልጁን ነገ ሞጣ ያመጡታል! እኔው ራሴ ጤና ጣቢያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። የዛሬ መድኃኒት በነፃ ነው፣ ለሁሉም አለ፤ መካፈል ቀረ፤ ሰምተዋል? ሕመምተኛ ደግሞ ጾም የለበትም። አሁን ያውጡት!»

ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ። የዘንድሮው ኪኒን ቀይ ነው። የውኃ ላስቲኬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ጎረሱ፣ ጠጡ፣ ጉሮሯቸው ወጣ ወረደ።

«አፍዎን ይክፈቱ» አልሁ።

ከፈቱ። ባዶ ነው። እንደ ጥጋቡ አፍ ባዶ ነው።

«ምላስዎንም ያንሡ።»

ዕንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ አነሡ። ጎንበስ ብዬ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ በግራም በቀኝም አየሁ። ምንም የለም።

«እግዚአብሔር ይፍታዎት» አልኋቸው ያን ጊዜ።